በአሥር ሴንቲ አሥራ ሁለት መስመር

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

የጠዋት ቆጠራ። ያለቀ በር 14። ተገጣጥሞ ማለስለሻ ማሽኑን የሚጠብቅ 9። ገና ያልተገጣጠመ 37። ድምር 60። አዲሱ ክሊኒክ ከእንጨት ሥራ ቤታችን ያዘዘው ይኸው ነው። የመጨረሻው ርክክብ ጥቅምት 18። ጊዜ ይበቃል... ማሽኑ ካላመፀ።

ቺንጋ 11። ማሽኑ ላይ የሚዞረው ይሄ ሰፊ የብርጭቆ ወረቀት ሁለት ቀን በደንብ ይነክሳል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ እንደ ካርቶን ነው። ሁለት ቀን! በዚህ ዓይነት ቺንጋ አንችልም።

ስለዚህ ዛሬ ደንብ አወጣሁ። ቺንጋው ሁለት ቀን ከሠራ በኋላ ወልቆ፣ ግራው ወደ ቀኝ ዞሮ ይገባል። ሻካራው ፊት እንደ ወጣ ነው፤ የሚለወጠው የሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ። በተቃራኒ ሲሄድ ያልደከመው ጥርሱ ይነክሳል። ሁለት ቀን የነበረው አራት ቀን ይሆናል። ማሽኑን የሚያሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሲሰማ አጨበጨበ።

ጋሽ ውሃልክ ብቻ ቀና አሉ። (ስሙን ያወጣላቸው አባቴ ነበር። በዓይናቸው አይተው «ይሄ ጠረጴዛ ወደ ግራ ያዘነብላል» ካሉ፣ ውሃ ልኩ ሲቀመጥ እውነት ሆኖ ይገኛል።) በእጃቸው የበር ጠርዝ እያለሰለሱ ነበር።

«ልጄ፣ ጀርባው ላይ ቀስት ተስሏል። ለጌጥ አይመስለኝም።»

«ጋሼ፣ ቀስቱን ለአዳኝ ይተዉለት። እርስዎ የእጅ ዘመን ሰው ነዎት፤ ማሽኑን ለእኛ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ አቀረቀሩ።

4 በር ወጣ።


ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

5 በር። ትናንትም 5። ቺንጋው ዛሬ ጠዋት ተገለበጠ። እንደ አዲስ ይነክሳል። ደንቤ ሠራ። ራሴን አመሰገንኩ፤ ሌላ የሚያመሰግን ስለሌለ።


ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

2 በር ብቻ።

ማሽኑ ረፋዱ ላይ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ወንድሜ አስነሳው። እንደገና ጠፋ። ሦስተኛው ላይ የተቃጠለ እንጨት ሸተተን፤ የወጣው በር ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጥላሸት። ቺንጋው ደግሞ ወደ ቀኝ እየሸሸ፣ ከሲሊንደሩ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«እታለም፣ ሞተሩ ሊሞት ነው!»

«መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀለው። ከዚያ ታለቅሳለህ።»

አባቴ ሱቅ ሲከፍት የነገረኝ ነገር ነው፦ ዕቃ ሲጎድል ሌባ ከመፈለግሽ በፊት መደርደሪያውን ጥረጊ። ጠረግን። የአቧራ ከረጢቱ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል፤ ማሽኑ የሚተነፍስበት የለውም። ቺንጋው ሲሸሽ አይቶ የሚመልሰው ትንሽ መስታወት አለ፤ ዓይኑ ነው። በብናኝ ታውሯል። በጨርቅ ጠረግኩት፤ ቺንጋው ወደ መሐል ተመለሰ። ማቃጠሉስ? ወንድሜ ቶሎ ልጨርስ ብሎ በአንድ ጊዜ ሁለት ሚሊ ሊያስበላው ሲሞክር ነው። ከእንግዲህ ግማሽ ሚሊ፣ አራት ጊዜ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ጋሽ ውሃልክ ከማዶ ሆነው «ከእጅ አይሻል ዶማ» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለያዙት እንጨት። ዛሬ የተሳቀው በእኛ ነው። ይሁን። አንድ ለአንድ።

ጥላሸቱ ተነሳ። ማሽኑ ይሠራል። ነገ የክሊኒኩ መሐንዲስ ያለቁትን 30 ልታይ ትመጣለች።


ጥቅምት 8፣ ዓርብ

መሐንዲሷ በሮቹን እንደ ሌላው ሰው ፊት ለፊት አታይም። ጎንበስ ብላ፣ የእጅ ባትሪዋን ከጎን አስጠግታ፣ ብርሃኑ በእንጨቱ ላይ እንዲንሸራተት ታደርጋለች። ሃያ አንድ በር ዝም። ሃያ ሁለተኛው ላይ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አጎነበስኩ። ከበሩ አግድም፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጫጭን መስመሮች። እንደ ውሃ ላይ ነፋስ። ያለ ባትሪው አይታዩም። በእጅ ሲዳሰሱ ግን አሉ።

«ቫርኒሽ ሲቀባ ይጎላል» አለች። «የክሊኒክ በር ነው፤ መስመሩ ውስጥ ቆሻሻ ይቀመጣል።»

26 ተቀበለች፤ 4 መለሰች። አራቱም የረቡዕና የሐሙስ ናቸው። የሁለቱ ቀናት ሥራ ሰባት ነበር... ሦስቱ ለምን ዳኑ?

ስትወጣ በሩ ላይ፦ «እርስዎን አምናለሁ። ግን ጥቅምት 18 አንድ መስመር ካየሁ፣ የሁለተኛው ሕንፃ ሥራ ለሌላ ቤት ይሄዳል። አለቃዬ ቀድሞም የሚፈልገው ሰው አለው።»

ሁለተኛው ሕንፃ። አንድ መቶ አርባ በር። አሥራ አንድ ሠራተኛ ለሁለት ወር።

ዛሬ 4 በር። አዲስ ቺንጋ ገባ።


ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ጠጋኙን አስጠራሁ። ሰው ሁሉ «ይቀየር» ብሎ ነው የሚጠራው፤ እውነተኛ ስሙ ጠፍቷል። ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጠፈ፤ እንደ ሐኪም።

«እትዬ፣ ኩሽኔታው ነው። ሲሊንደሩ የሚዞርበት። ልሷል። ይቀየር።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ይጮሃል።»

«አንተም ትጮሃለህ፤ ልቀይርህ?»

ሳቀ። ቀየረው። አሮጌውን በእጄ አሽከረከርኩት፤ እውነትም ይንኮራኮራል። እንግዲህ ተገኘ ማለት ነው? ከሰዓት በኋላ የወጡትን በሮች በባትሪ አየሁ። መስመር የለም። ግን ጠዋት፣ ከመቀየሩ በፊት የወጡት ላይም የለም... ትናንትናዎቹ ላይም።

ይሄ አልተመቸኝም። መድኃኒት ሳይሰጠው የዳነ በሽተኛ ተመልሶ ይተኛል።

5 በር።


ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ተመልሶ ተኛ።

4 በር፤ አራቱም መስመር አላቸው። ኩሽኔታው ተቀየረ፣ መስመሩ አልተቀየረም። ይቀየር ተመልሶ መጣ። «እንግዲያው ሲሊንደሩ ይቀየር።» ቀጥሎም፣ «ሞተሩም ቢቀየር አይከፋም።» ባለቤቷም ትቀየር ሳይል አስወጣሁት።

ምሳ ላይ ወንድሜ ወንበሩን ሳበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልበልሽ፤ አትቆጪ። ይሄ ማሽን አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን በሽተኛ ነው። ማሽን እንዲህ አይሆንም። ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«ማለት?»

«ጠዋት ጠዋት ብቻውን የሚገባው ማነው? ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው? ማሽኑ ከገባ ጀምሮ ፊቱ የጠቆረውስ?»

«ጋሼ ሃያ ሁለት ዓመት አብረውን ሠርተዋል።»

«አብረውን የሠሩት ማሽን ሳይኖር ነዋ።»

 ቁልፉን የሰጣቸው አባቴ ነው። ቤቱን በየጠዋቱ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። አንገታቸው ላይ በክር ታስሮ ነው የሚውለው... እውነት ግን፣ ለምን በጣም በጠዋት ይመጣሉ? ሥራው የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ነው።

እንዲህ ማሰቤ አስጠላኝ። ግን አሰብኩ።


ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ አለዚያ ይምታታብኛል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል። ወንድሜ ዛሬ ሆን ብሎ ማለዳ ሄደ። ጋሽ ውሃልክን የማሽኑን የጎን በር ከፍተው፣ ቢላ ይዘው፣ ቺንጋው ላይ እንዳጎነበሱ አገኛቸው። ብቻቸውን። «ና፣ እይ» አሉት። አላየም። «ከማሽኔ ውጡ!» አላቸው። ወጡ።

ሁለት ሰዓት። እኔ ገባሁ። ወንድሜ እስካሁን ምንም አልነገረኝም፤ እጅ ከፍንጅ እይዛለሁ ብሎ። የትናንትናዎቹን አራት በሮች በባትሪ አየሁ። ሁለቱ ላይ መስመር የለም። ትናንት አራቱም ላይ ነበር... ወይስ በደንብ አላየሁም?

ሦስት ሰዓት። ማሽኑ ተነሳ። አንድ በር ወጣ፤ መስመር አለው። ሁለተኛው ሊገባ ሲል ቺንጋው ተበጠሰ። ድምፁ እንደ ጥይት ነው። አንድ ቁራጭ ተወርውሮ የወንድሜን ጉንጭ ሰነጠቀው። ደም። ሁለት ጣት ወደ ላይ ቢሆን ዓይኑ ነበር።

ጉንጩን በጨርቅ ይዞ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ያየውን ተናገረ። ቢላውን። የተከፈተውን በር። 

«ጋሼ፣ እውነት ነው?»

«ቢላ ይዤ ነበር።»

«ቺንጋውን ቆርጠዋል?»

«የተነሳውን ቆርጫለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ነበር።»

«መቼ?»

 አዩኝ ብቻ። ረጅም አስተያየት።

ድምፄን አላነሳሁም። «ቁልፉን ይስጡኝ» አልኩ። ክሩን ከአንገታቸው አወጡ። ጆሯቸው ላይ ተያዘባቸው፤ ማንም አላገዛቸውም። ቁልፉን ማሽኑ ላይ አስቀመጡ። ከኪሳቸው ደግሞ ጣት የምታክል የቺንጋ ቁራጭ አውጥተው ከጎኑ።

«የቆረጥኩት ይሄ ነው። እዪው።»

ሁለቱንም አፍሼ የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ሽርጣቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ ምስማሩ ላይ ሰቅለው ወጡ።

መቼ ነው የነገሩኝ? አላስታውስም።

ወንድሜ ሦስት ስፌት።


ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

አዲስ ቺንጋ። 5 በር። መስመር የለም። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ ጠባዩን አላውቀውም፤ ትንሽ ከፍ አድርገው ካላዞሩት እሺ አይልም።


ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

6 በር። አንድም መስመር የለም።

«አየሽ እታለም?» ወንድሜ ጉንጩ ታሽጎ እንኳ ይስቃል። «እጁ ሲወጣ በሽታው ወጣ።»

አየሁ። ቁጥሩ ከእሱ ጋር ነው። እኔ ደግሞ የቁጥር ሰው ነኝ። ታዲያ ለምን አይዋጥልኝም? ሠራተኛው ሥራውን ይሠራል፤ ግን ቀልድ የለም፣ ፉጨት የለም። ያቺ ሽርጥ ምስማሩ ላይ ናት። የሚያወርዳት ጠፋ። እኔም አላወረድኳት።

ይሁን። አራት ቀን ቀረ።


ጥቅምት 15፣ ዓርብ

3 በር። ሦስቱም ላይ መስመር። ከዚህ በፊት ካየሁት ሁሉ የባሰ፤ ባትሪ አያስፈልገውም፣ በቀን ብርሃን ይታያል።

ማሽኑን አስቆምኩት። ወንድሜ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። ፊቱ ከፋሻው ጋር አንድ ሆኗል።

«ማታ ገብቶ ይሆናል...»

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

«ሌላ አስቀርጾ...»

«ዝም በል።»

 የሚያበላሹት እሳቸው ከነበሩ፣ ከሄዱ በኋላ ለምን ባሰ?

ሁለት ነገር ተቀላቅሎብኛል፤ መለየት አለብኝ። ሰውየውን ለጊዜው ልተወው። መስመሩን ልያዝ። መስመር አይዋሽም፤ የሚያስፈራው አለቃ የለውም።


ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ተገኘ። ባልተገኘ ይሻል ነበር ልል ነበር... አልልም።

ጠዋት ወንድሜን ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብብልኝ አልኩት። በሩ በደቂቃ አምስት ሜትር ይሄዳል። ሲሊንደሩ በደቂቃ ሁለት ሺህ ጊዜ ይዞራል። ቺንጋው ረጅም ስለሆነ በደቂቃ ስድስት መቶ ሙሉ ዙር ብቻ።

«ምን ይሠራልሻል?»

«ነጋዴ አይደለሁ? ልቆጥር ነው።»

ነገሩ ቀላል ነው። ጉብታው ሲሊንደሩ ላይ ከሆነ፣ በሩን በደቂቃ ሁለት ሺህ ጊዜ ይመታዋል። ቺንጋው ላይ ከሆነ ስድስት መቶ ጊዜ። በዚያች ደቂቃ በሩ አምስት ሜትር ሄዷል። ስለዚህ ጥፋተኛው ሲሊንደሩ ከሆነ በየአሥር ሴንቲው አርባ መስመር አገኛለሁ። ቺንጋው ከሆነ አሥራ ሁለት። ይቀየር ጆሮውን ከሚለጥፍ ጣቱን ቢያስቆጥር ኖሮ!

በሩን መስኮት አጠገብ አስተኛነው። አሥር ሴንቲ በእርሳስ ለየሁ። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ወንድሜም ለብቻው ቆጠረ።

አሥራ ሁለት። እሱም አሥራ ሁለት።

«ቺንጋው?» አለ። «ቺንጋው ግን ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ትናንት ነው የገለበጥኩት...» አፉ ክፍት ቀረ። የእኔም።

ቺንጋ አወጣን፤ አዲስ፣ ከካርቶኑ። በቀስቱ አቅጣጫ አስገባነው፤ ቁራጭ ጣውላ አሳለፍን። እንደ መስታወት። ያንኑ ቺንጋ ገልብጠን አስገባነው፤ ሌላ ቁራጭ። መጀመሪያ ምንም። አሥረኛው ቁራጭ ላይ መስመሩ መጣ።

ሜትሩን ፍለጋ የጋዋኔን ኪስ ፈተሽኩ። እጄ ያቺን ቁራጭ አገኘ። ማክሰኞ «እዪው» ያሉኝን። አራት ቀን በኪሴ ይዣት ዞሬያለሁ።

የቺንጋው መጋጠሚያ ናት። ሁለቱ ጫፎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የተጣበቀበት። በቀስቱ አቅጣጫ ሲዞር የላይኛው ከንፈር ይተኛል። ሲገለበጥ ግን ድመትን በተቃራኒ እንደመዳሰስ ነው፤ ይነሳል። የተነሳው ከንፈር በየዙሩ በሩን ይመታል፤ መስመር ይሆናል። ሲብስ ደግሞ ይይዝና ይበጥሳል። እሳቸው ያን ቀን የቆረጡት የተነሳውን ከንፈር ነበር፤ እንዳይዝ። ሳይጨርሱ ወንድሜ አስወጣቸው። «ና፣ እይ» ማለታቸው ለዚህ ነበር።

የቆጠራ ደብተሬን ገለጥኩ። ቺንጋ ተገልብጦ የሠራበት፦ ረቡዕ 6፣ ሐሙስ 7፣ ሰኞ 11፣ ማክሰኞ 12፣ ዓርብ 15። መስመር የታየበት፦ ረቡዕ 6፣ ሐሙስ 7፣ ሰኞ 11፣ ማክሰኞ 12፣ ዓርብ 15። ሁለቱም በእኔው እጅ ጽሑፍ። ሁለት ገጽ ተራርቀው።

የዳኑት ሦስት በሮችስ? ማክሰኞ የዳኑት ሁለቱ? ገጻቸውን በብርሃን አየሁ። የእጅ ሥራ ነው። በጭረቱ አቅጣጫ፣ ረጋ ተብሎ። በማለዳ እየመጡ የእኔን ደንብ በክንዳቸው ይሰርዙ ነበር። ከሄዱ በኋላ የባሰው ለዚህ ነው፤ የሚሸፍንልኝ አልነበረም።

«ነግሬሽ ነበር።» መቼ? ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ይኸው እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። «ቀስቱን ለአዳኝ ይተዉለት።» ቀልዴን ላለመርሳት ነው የጻፍኩት።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።

ወንድሜ ከሰዓት በኋላ አልተቀመጠም። በትክክል በገባ ቺንጋ የቀሩትን ሁለትና የተበላሹትን አሥር አሳለፈ። ከአሥሩ ስምንቱ ተስተካከሉ። ሁለቱ ላይ ግን መስመሩ ጠልቋል፤ ማሽን ከደገማቸው ይሳሳሉ፣ ማጠፊያ አይዙም። በእጅ ብቻ ነው የሚድኑት። እንዲህ ያለ እጅ እዚህ ቤት አንድ ነበር።

58 ደህና። 2 እንደነበሩ።


ጥቅምት 17፣ እሑድ

ሄድኩ።

በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት። አብረን ነው ያደግነው፤ አልሳመችኝም።

«ምን ቀረሽ? ሌላ ቁልፍ የለውም።»

«አውቃለሁ። ግቢ በይኝ።»

«ግቢ» አለች። «እንኳን ደህና መጣሽ» አላለችም። ተገቢ ነው።

አንድ ክፍል። መስኮቱ ሥር ወንበር፤ የራሳቸው ሥራ፣ አንድ ምስማር የሌለው። ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን የተሰበረ የእንጨት መኪና ይጠግናሉ። አልተነሱም። ቁራጯን ከኪሴ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩ።

«አየኋት፣ ጋሼ።»

«ዘገየሽ።»

«ዘገየሁ። ያን የመጀመሪያው ሰኞ ነግረውኝ ነበር፤ ሳቅሁ። ደንቡ የእኔ፣ መስመሩ የእኔ፣ የወንድሜም ጉንጭ በእኔ ነው። በእርስዎ ላይ ያደረግኩት ግን ከሁሉም ይብሳል።»

 መኪናዋን ጎማ ገጠሙላት። አሽከረከሯት። ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ እኔም አየሁት። እንደገና ፈቱት።

«ለምን ደግመው አልነገሩኝም?»

«አንድ ጊዜ ተናግሬ ሰው ሳቀ። ሁለተኛ ብናገር አንቺን ነው የሚስቁብሽ። በአባትሽ ቤት አንቺ ላይ ሲሳቅ ማየት አልፈለግኩም። እጄ አለ፤ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ኋላ ግን ሰው ሊገድል መሆኑን ሳይ...» አልጨረሱም። «የልጁ ፊት ዳነ?»

«እየዳነ ነው።»

«ዓይኑን አልነካውም?»

«አልነካውም።»

እንግዲህ ቀና ብለው አዩኝ። «ለበሩ ነው የመጣሽው፣ ወይስ ለእኔ? ነገ ርክክብ ነው። አውቃለሁ።»

ሁለቱ በሮች ምላሴ ላይ ነበሩ። እምላለሁ፣ ምላሴ ላይ። ባነሳቸው ንግድ ይሆናል። ይቅርታ ሰጥቼ የእጅ ሥራ መግዛት። ዋጠኋቸው።

«ለእርስዎ። በሩ አልቋል።»

ቁልፉን ከነክሩ ዘረጋሁላቸው። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም።

«የት ነው የወሰድሽው?»

«እ?»

«ቁልፉን። የት ቆመሽ ነው የወሰድሽው?»

«ማሽኑ አጠገብ።»

«ማን ነበረ?»

«ሁሉም።»

«በሰው ፊት የወሰድሽውን በጓዳ አትመልሺልኝም፣ ልጄ።» ቁልፉን በሁለት ጣታቸው ወደ እኔ ገፉት። ቁራጯን ግን ወዲያው አልመለሱም፤ ካሰቡ በኋላ እሷንም ሰጡኝ። «ይቺንም ያዢ። እሷ ናት የምትመሰክረው።»

«ነገ ይመጣሉ?»

«በሩ ሲከፈት አልፌ አያለሁ። መንገድ ነው፤ መንገድ አይከለከልም።»

ልጃቸው እስከ ደጅ ሸኘችኝ። አሁንም አልሳመችኝም። «ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምትከፍቱት?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ስመለስ ወንድሜ ደጁ ላይ ይጠብቀኛል። ሁሉን ነገርኩት። ጉንጩን ዳበሰ።

«ከአንቺ በፊት እኔ ልናገር» አለ። «ውጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ከእኔ በኋላ። ደንቡ የእኔ ነው።»

አልተከራከረኝም።

ነገ፦

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሥራ ቤቱን መክፈት። ቁልፉን ትንሽ ከፍ አድርጎ ማዞር። በሩን ክፍት መተው።

ሽርጧን ማጠብ አይደርስም፤ ማራገፍ ብቻ።

ሁለት ሰዓት፦ አሥሩንም ማሽኑ አጠገብ ማቆም። ጥቅምት 4 ሰኞ የሳቁትን ሁሉ። ቁልፉ በቀኝ ኪስ፣ ቁራጯ በግራ። መጀመሪያ ቁራጯ። የሰኞውን ቀልድ እንዳለ መድገም፣ ሳያሳጥሩ።

አራት ሰዓት፦ መሐንዲሷ። 58 ማስረከብ። ሁለቱን ሳትጠይቅ ከፊት ማሳየት።